ሳይወዱ የተሳፈሩ

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። አየር ማረፊያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዊልቸር ስገፋ ስንቱ ጮኾብኛል፤ አውሮፕላን ያመለጠው፣ ሻንጣው የጠፋበት፣ ከሚስቱ ተጣልቶ የመጣው። «የስ ሰር» እያልኩ ገፍቼ አድርሻለሁ። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ደም የለህም እንዴ?» ትለኛለች። ባለፈው መስከረም ግን መዳፍ በማታህል ካርድ የተነሳ ከአንድ ሽማግሌ ቤት በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም። ይህን የምጽፈውም እንዲወጣልኝ ብዬ አይደለም።

ሽማግሌው እዚህ አሜሪካ፣ ግሌንዴል በሚባል ከተማ፣ እኛ ባለንበት ሕንጻ፣ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። አሜሪካዊ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ። የተዋወቅነው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። እኔ አንሶላ ሳጣጥፍ እሳቸው የክብሪት እንጨት የምታህል ቁራጭ ይዘው ያገላብጣሉ። ጫፏ ተሰንጥቋል። እኔ ደግሞ ናዝሬት ሳለሁ አናጢ ነበርኩ፤ እንጨት ሲበላሽ አይቼ ማለፍ አልችልም። አንሶላውን ጥዬ ቁራጯን ከእጃቸው ወሰድኩና እንጨቱ ባደገበት በኩል መቁረጥ እንደነበረባቸው በጣቴ አሳየኋቸው። የእሳቸው ጣት ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ና» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም።

ቤታቸው ስንገባ ጠረጴዛው ላይ መርከብ ተቀምጣለች። ርዝመቷ ከክንድ ተኩል ይበልጣል። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ረድፍ የመድፍ መስኮት አላት፤ እያንዳንዱ መስኮት ከጥፍሬ ያነሰ መዝጊያ ተሠርቶለታል፤ መዝጊያው ይከፈታል። ሰባት ዓመት ለፍተውባታል። ገላዋ አልቋል። ሦስቱ ምሰሶና ገመዶቿ ሲቀሩ እጃቸው ከዳቸው።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እወርዳለሁ። እሳቸው ፕላኑን እያዩ ይናገራሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እልጋለሁ፣ አጣብቃለሁ። ከዊልቸር የተማርኳት እንግሊዝኛ ለብዙው በቃችን፤ ያልበቃችውን በእጅ ሞላነው።

የመርከቧን ታሪክ ያወቅሁት እንዲህ እየሠራሁ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ እንግሊዞች ከፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ጋር ሲዋጉ የነበረች፣ ሰባ አራት መድፍ የተሸከመች የጦር መርከብ ናት። ለእሷ ብቻ አንድ ደን ተቆርጧል። ዛፉ ኦክ የሚሉት ነው፤ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የአድባር ዛፍ የሚለው፣ አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበት። በተለይ የወደድኩላቸው የጎበጠ ዛፍ ፍለጋቸውን ነው። ወለሉን ከግድግዳው ጋር የሚይዘው፣ እንደ ክርን የታጠፈው ቁራጭ፣ ከቀጥታ እንጨት ቢወጣ ይሰበራል። ስለዚህ ራሱ ጎብጦ ያደገ ቅርንጫፍ ጫካ ለጫካ ሲፈልጉ ይከርሙ ነበር። ይህን ስሰማ ሠሪዎቹን አከበርኳቸው። አናጢ አናጢን ያውቃል።

ከዚያ ባሕር ገባች። እኔ የመሰለኝ የጦር መርከብ ሁልጊዜ የሚዋጋ ነው። እሷ ግን ብዙውን ዕድሜዋን የፈረንሳዮች ወደብ አፍ ላይ ቆማ ነው ያሳለፈችው፤ እንዳይወጡ እየጠበቀች፣ ክረምት ከበጋ፣ ማዕበል እያላጋት። ትልቁ ውጊያዋ ያለቀው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መካከለኛው ምሰሶዋ ተሰብሮ ባሕር ገባ፤ ሌላ መርከብ ጎትታ ወሰደቻት፤ ጠገኗትና መለሷት። ሽማግሌው ውጊያውን ሲያወሩ ከወንበራቸው ይነሳሉ፤ ከዘራቸው መድፍ ይሆናል፤ ቡና የቀረበበት ሲኒ የፈረንሳይ መርከብ ይሆናል። እኔም እስቃለሁ። ደስ የሚል ሰው ናቸው፤ ይህን ልካድ አልልም።

«ሰዎቹስ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ ስትጠብቅ መሬት አይወርዱም?»

«ወደብ ብትገባ እንኳ ብዙዎቹን አያወርዷቸውም።»

«ለምን?»

«ይጠፋሉ።»

የያዝኩትን ገመድ አስቀመጥኩ። «የሚጠፉት ለምንድን ነው?»

ነገሩኝ። መርከበኛ ሲጎድል አንድ መኮንን ዱላና ጎራዴ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ወደብ ከተማ ይገባል። ከመጠጥ ቤት፣ ከመንገድ፣ ከንግድ መርከብ ላይ ሰው እየያዙ ይጭናሉ። ከረጅም ጉዞ ተመልሶ፣ የሰፈሩን ጭስ እያየ፣ መሬት ሳይረግጥ የተያዘ አለ።

«እኛ ለዚህ ቃል አለን» አልኳቸው። «አፈሳ ይባላል። የተበተነ እህል በሁለት እጅ እንደሚታፈሰው ማለት ነው።»

«አፌሳ» አሉ። ደጋግመው አሉት። ማስታወሻ ደብተራቸው ላይም ጻፉት። የገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

እኔም ታፍሻለሁ። የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሠርቼ የጨረስኩትን የአልጋ ራስጌ በትከሻዬ ተሸክሜ ለደንበኛ ላደርስ ስሄድ የጭነት መኪናው አጠገቤ ቆመ። «ውጣ!» አሉኝ። «ዕቃው የሰው ነው፤ አድርሼ ልምጣ» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ልምጣ! አንዱ ራስጌውን ከትከሻዬ አውርዶ መንገድ ዳር ግንብ ላይ አስደገፈው፤ ያውም እንዳይጫር ቀስ አድርጎ። እኔን ግን በአንገቴ ይዞ መኪናው ላይ ወረወረኝ።

ይህን ለሽማግሌው የነገርኳቸው እስከዚህ ድረስ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክፉ ዘመን» አሉ። ከዚያ ወደ ገመዳችን ተመለስን።

ምሰሶዎቹ በጋው ሳያልቅ ቆሙ። ገመዱ ግን አያልቅም፤ እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ አንዱን ስታጠብቀው ሌላው ይላላል። ጎረቤት ከተማ አውሮራ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት አረጋውያን በእጃቸው የሠሩትን በመስታወት ሣጥን ሊያሳይ ነው ተባለና ሽማግሌው መርከቧን አስመዘገቡ። አዲስ ሸሚዝ ገዙ። እኔም ልቤ ሞላ። ይህ በሆነ በሳምንቱ፣ መስከረም ላይ፣ ከመርከቧ አጠገብ የሚቆመውን ካርድ አስተይበው ጠበቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። መርከቧ ከሃያ ዓመት በላይ አገሯን አገለገለች ትላለች። ቀጥላም፦ ከስድስት መቶ በላይ ጀግኖች የአገራቸውን ጥሪ ተቀብለው ተሳፈሩባት።

«የምኑን ጥሪ?» አልኳቸው።

«አባባል ነው እንጂ።»

«አፈሳ ብለው ደብተርዎ ላይ ጽፈዋል።»

«ካርዱ ትንሽ ነው ወዳጄ። ሰው ቆሞ የሚያነበው አሥር ሰከንድ ነው።»

«አሥር ሰከንድ ለውሸት ከበቃ ለእውነቱም ይበቃል።»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ተነስተው ከመደርደሪያ አንድ ወረቀት አወጡ። የመርከቧ የሰው መዝገብ ኮፒ ነው። ከስሞቹ ጎን ያለውን አሳዩኝ። «እየው፤ ወዶ ገብ። ይሄም ወዶ ገብ። ይሄም። እኔ አልፈጠርኩትም።»

«የወደደው ሳይያዝ ነው ወይስ ከተያዘ በኋላ?»

አስተማሪ ናቸው፤ ያውቁታል። ነገሩኝም፤ የተያዘውን ሰው መርከቡ ላይ ካወጡት በኋላ ይጠይቁታል፤ ወድጄ ነው ካለ የሚሰጠው ገንዘብ አለ፤ እምቢ ካለም ያው ይሄዳል፣ ባዶ እጁን።

«ግን ፈርመዋል» አሉ።

«ፈርመዋል!»

«ሰባት ዓመት የለፋሁባትን መርከብ እስር ቤት አታድርግብኝ።»

«ኋላ እስር ቤት አልሆነችም እንዴ? እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ?» እውነቴን ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የሚፈልጋት ጠፋ። ምሰሶዎቿን ነቅለው፣ ላይዋ ላይ ጣሪያ መትተው፣ ወንጀለኛ በሰንሰለት አስረው አጎሩባት። ስትበሰብስ ደግሞ አፍርሰው እንጨቷን ሸጡ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

«እሱ ሌላ ታሪክ ነው» አሉ። «እኔ የሠራኋት በወጣትነቷ ነው።»

ያን ጊዜ ነው በሩን ሳልዘጋ የወጣሁት።

የወጋኝ «ፈርመዋል» የሚለው ቃል ነው። ለልጄም፣ ለሟች ባለቤቴም ያልነገርኩት ነገር አለ። ማሠልጠኛው ሜዳ ላይ ስንወርድ አሰለፉን። እኔ አንድ እግሬ ባዶ ነው፤ ጫማዬ ስወረወር ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሜዳው ጠጠርና እሾህ ነው። አንድ መኮንን ወጣና «የእናት አገርን ጥሪ ተቀብላችሁ በፈቃዳችሁ የመጣችሁ ወደ ቀኝ፣ ሌሎቻችሁ ባላችሁበት!» አለ። በቀኝ በኩል የወታደር ከስክስ ጫማ ተከምሯል። ባለበት የቆመውም ያው እንደሚዘምት ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ከስክሱ ሰፋኝ፤ ጨርቅ ጠቅጥቄ አደረግሁት።

ያቺ ሦስት እርምጃ ወረቀት ሆነች። ወረቀቷ እናቴ ዘንድ ሄደች። ልጅሽ የእናት አገርን ጥሪ ተቀብሎ በፈቃዱ ዘምቷል ትላለች። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቀበሌ ሄዳ አስነበበች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሩቅ መንገድ ሲወጣ የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው። ሳይመረቅ የሚሄድ እናቱን የናቀ ነው። እኔ ከግንባር ግንባር ተንከራትቼ ሱዳን ስሰደድ እናቴ አረፈች። ከሰፈራችን የመጣች ሴት ነች ያረዳችኝ። እስከ መጨረሻው «ምን ባደርገው ነው ምርቃቴን የጠላው?» ትል ነበር አለችኝ። «ኧረ ታፍሶ ነው» ያሏትም ነበሩ፤ «ወረቀቱ ወዶ ነው ይላል» ብላ ትመልሳለች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀትን ከሰው አስበልጣ ታምን ነበር።

እንግዲህ ቁጣዬ በማን ላይ እንደሆነ ልለየው አልቻልኩም። በመኮንኑ ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት በሞላቸው እንግሊዞች ነው፤ በሽማግሌው ነው። በገዛ እግሬም ነው።

ከሽማግሌው ቤት በወጣሁ በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ አውሮራ፣ ዳማ ወደምንጫወትበት ካፌ ሄድኩ። እዚያ ጓደኛ አለኝ፤ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ሃያ ዓመት በቆርኪ ዳማ ስንጫወት ኖረናል። ገና ከበሩ ሲያየኝ ጀመረ።

«አድሚራሉ መጣ! ተነሱለት!»

«ተወኝ ዛሬ።»

«ምነው፣ መርከቢቱ ሰመጠች? እኔ ድሮም ብየሃለሁ። የናዝሬት ሰው ባሕር የት አውቆ! ያየኸው ውኃ የሶደሬን ገንዳ ነው።»

«ሰማህ፣ ተናድጄ ነው የመጣሁት።»

«አንተ? ተናደህ? ቆይ ፎቶ ላንሳህ።»

ስለ ካርዱ ነገርኩት፤ ስለ እናቴ ወረቀትም። ስለ ከስክሱ አልነገርኩትም። እያወራሁ ሳለ ሳቁ ጠፋ። አንድ ቆርኪ አንስቶ በጣቱ ያሽከረክር ጀመር።

«ፎርሙ እኮ ታትሞ ነው የሚመጣው» አለ።

«የቱ ፎርም?»

«የዘማች ቤተሰብ ማሳወቂያው። ጥሪ ተቀብሎ የሚለው ታትሟል። እኛ ስም ብቻ ነው የምንሞላው።»

ሃያ ዓመት ዳማ ተጫውተን የቀበሌ ጸሐፊ እንደነበረ ነግሮኝ አያውቅም።

«ስንት ሞላህ?»

«ማን ይቆጥራል።»

«እናቶቹስ? ይዘው ሲመጡ?»

«አነብላቸዋለኋ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ደህና አድርጌ ነዋ! ድምፄን ሞቅ አድርጌ። እንዲኮሩ።» ቆርኪውን ጠረጴዛው ላይ መታ። «ምን ልበላቸው ታዲያ? ልጅሽን እንደ በግ ጭነውት ሄዱ ልበላት? እኔስ በማግስቱ የት እገኛለሁ? ደግሞ ወዶ ዘማች ከሆነ እናቲቱን ስኳርና ዘይት ሲመጣ ከፊት ያስቀድሟታል። ለእናትህም ሳይጠቅማት አይቀርም።»

«እናቴ ስኳር አልጎደላትም።»

«እሺ አንተ ብትሆን ምን ትጽፍ ነበር? እስቲ ንገረኝ፤ ብዕሩ አንተ እጅ ቢሆን?»

ሰሌዳውን አልገለበጥኩበትም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ ጣሳቸው ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። አውቶቡስ ጥበቃ ላይ ብቻዬን «ደህና አድርጌ! ደህና አድርጌ!» እያልኩ ስናገር አንዲት ሴት ፈቀቅ አለችልኝ።

ከሽማግሌው ጋር ሳንታረቅ ወደ ሥራው ተመለስኩ። ገመዱ አላለቀም ነበር፤ የጀመሩትን እንጨት ጥሎ መሄድ ነውር ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ «አቀብለኝ»፣ «አጥብቀው»፣ «በቃ» ብቻ እየተባባልን ጨረስናት። ስለ ካርዱ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። «እንዳለ ይሁን» አሉ።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከሆስፒታል ሥራዋ ገብታ ስልኳን እያየች «አባዬ፣ ከላይብረሪው ኢሜይል ልከውልሃል» አለችኝ። «ካርዶቹን በብዙ ላንጉዌጅ ሊያደርጓቸው ነው። ሽማግሌው አንተን ሬኮመንድ አድርገው ነው፤ አማርኛውን ትራንስሌት እንድታደርግ። ሁለት ሴንተንስ ናት፤ ስልኬ ያደርጋታል፣ ልላከው?»

«ስልክሽ ይቅር። እኔ እጽፈዋለሁ።»

ፎርሙን አትማ አመጣችልኝ። ከላይ የሽማግሌው እንግሊዝኛ አለ፤ ከታች ባዶ ሣጥን። አየሁትና ሳቄ መጣ። ጓደኛዬ እንዳለው ብዕሩ እኔ እጅ ገባ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እኔ የመሠረተ ትምህርትና የአራተኛ ክፍል ሰው ነኝ፤ ሣጥኗ ውስጥ እንድትገባ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ጻፍኩ። እንዲህ ትላለች፦

«ይህች መርከብ ከሃያ ዓመት በላይ ተዋግታለች። ከሠሯት ሰዎች በስተቀር ደስ የሚል ነገር የለባትም። ከስድስት መቶ በላይ ሰው ነበረባት፤ ብዙዎቹ ከመንገድና ከሌላ መርከብ ላይ በግድ የታፈሱ ናቸው። ከታፈሱ በኋላ ወደው ነው ተብሎ ተጻፈባቸው። እንዳይጠፉ መሬት አይወርዱም ነበር። እናቶቻቸው ሳይመርቋቸው ሄዱ።»

ልጄ አማርኛ ማንበብ ቀስ ትላለች። አንብባ ስትጨርስ አየችኝ።

«አባዬ፣ ይሄ ትራንስሌሽን አይደለም።»

«አይደለም።»

«እሳቸው ቢያውቁስ? ኢትስ ኖት ራይት። ማታለል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ላትነግራቸው ነው?»

«እነግራቸዋለሁ። ከተሰቀለ በኋላ።»

«ኦ ማይ ጋድ፤ አንተ ነህ ይሄን የምታደርገው?» አለች። ግን ላከችው።

ዐውደ ርእዩ የተከፈተ ቀን ልጄ በመኪናዋ ወሰደችን። ሽማግሌው አዲሱን ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ሩቅ መራመድ ስለማይችሉ ዊልቸር ላይ ናቸው፤ የምገፋቸውም እኔ። መርከቧ በመስታወቱ ውስጥ መብራት በርቶላት አምራለች፤ ይህን መካድ አልችልም። ሰው ሽማግሌውን ይጨብጣል፤ እሳቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ «ምሰሶዎቹ የእሱ ናቸው» ይላሉ። አንጀቴን በሉት። ሰዉ ትንሽ ገለል ሲል ካርዶቹን አዩ።

«የአንተ ረጅም ነው» አሉኝ። «አማርኛ ረጅም ቋንቋ ነው እንዴ?»

«አይ። ቋንቋው አይደለም የረዘመው።»

ጎንበስ ብዬ በዚያችው በዊልቸር እንግሊዝኛዬ ቃል በቃል ነገርኳቸው። አልቸኮልኩም። ስጨርስ ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል።

«ሣጥኑ ሳይቆለፍ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ብነግርዎ ይፈቅዱልኝ ነበር?»

«አልፈቅድልህም ነበር።»

«ስለዚህ አልነገርኩም።»

«ወደ ቤት ውሰደኝ» አሉ። መኪና ውስጥ ልጄ ብቻ ስለ ትራፊኩ ታወራ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳንተያይ ቆየን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቆመዋል። እኔ ቤት መጥተው አያውቁም። ይግቡ አልኳቸው፤ አልገቡም።

«ከቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮዋ ደወለችልኝ» አሉ። «አንድ የአገርህ ሰው ሁለቱ ካርዶች አይገናኙም ብሏታል። ልኩ የቱ ነው አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ልኩ ያንተ ነው አልኳት።»

ይህን ያህል ደረጃ የወጡት ይህን ሊሉኝ ነው ብዬ ልቤ ቀለጠ። «እንግዲያው የእርስዎን ይለውጡታል» አልኩ።

«አይ። የእኔን እንዳትነኪው ብያታለሁ።»

«ልክ እንዳልሆነ እያወቁ?»

«ሰው መጀመሪያ እንዲወዳት እፈልጋለሁ። ሌላውን ቀስ ብሎ ይደርስበታል።»

ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው። ሳያውቅ የሚዋሽ ሰው ይነገረዋል፣ ያርማል። አውቆ፣ አምኖ፣ ደረጃ ወጥቶ መጥቶ እንደዚያው ይሁን የሚልን ምን ይሉታል? ያን ጊዜ በሩ ላይ እንደቆምን ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ስለ ከስክሱ ክምር፣ ስለ ሦስቱ እርምጃ፣ ስለ እናቴ። ድምፄ እስከ መተላለፊያው ጫፍ ሳይሰማ አይቀርም። የበሩን መቃን ይዘው፣ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«አዝናለሁ» አሉ።

«አይዘኑ። ካርዱን ይለውጡ።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አልችልም» አሉ። «እኔ ከእሷ ሌላ የሠራሁት ነገር የለኝም።»

ደረጃውን ደግፌ አወረድኳቸው፤ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ድረስ አድርሼ ተመለስኩ። አላቀፍኳቸውም።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ሣጥኑ አጠገብ ቆምኩ። ሰው መጥቶ የእንግሊዝኛውን ካርድ አንብቦ ሲጨርስ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ሌላም አለ» እለዋለሁና የእኔን በእንግሊዝኛ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ያበድኩ ይመስለዋል። አንድ ጎረምሳ ሰምቶኝ ሲጨርስ ተመልሶ የመድፍ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየ። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ ነው። ልጄ «አባዬ ይበቃል» ትላለች፤ በረዶ ሲጥል ግን ራሷ ታደርሰኛለች።

የበሩ ጥበቃ የእኛው አገር ልጅ ነች። ትናንት መጥታ «አባባ፣ ወንበር ላምጣልዎ? ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል እኮ» አለችኝ።

«ይሄ መቼ ነው የሚነሳው?» አልኳት፣ ሣጥኑን እያሳየኋት።

«ገና ሁለት ሳምንት አለው።»

«ቆሜ እችለዋለሁ።»

ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ፈረንጆች መጥተው መስታወቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ሴትየዋ የሽማግሌውን ካርድ ጮክ ብላ አነበበችለት። ጥሪውን ተቀብለው የሚለው ላይ ስትደርስ ባልየው ራሱን ነቀነቀ። እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።